ሦስት ጊዜ የጻፉት ሎርና ትሬጌንዛ (1952–2019)

ታላቅ እህቴ ወይዘሮ ሎርና ትሬጌንዛ ከአባታችን ከአቶ ክላይቭ ትሬጌንዛና ከእናታችን ከወይዘሮ ሜቪስ ዳንባር፣ በታዝማኒያ፣ ፖም በሚበቅልባት በፍራንክሊን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1952 ተወለዱ። በ1974 ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቀው አሥር ዓመት አስተማሩ። በ1976 ከጀልባ ሠሪው ከአቶ ግሬም ኦከርቢ ጋር ጋብቻ መሥርተው ብሮንዊንንና ኒልን ወለዱ።

በ1984 ሆባርት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ገቡ። ሥራቸው ሌሎች የሠሩትን እየሞከሩ ስሕተቱን መልቀም ነበር። ባልደረቦቻቸው ሲመጡ ሲያዩዋቸው «እሾኳ መጣች፤ ጫማ አድርጉ!» ይሉ ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በ1996 ድርጅቱ የእሳት አደጋ ጥሪ ተቀብሎ ለጣቢያዎች የሚያከፋፍል ፕሮግራም ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ የማስረከቢያውን ቀን አስቀድመው ቃል ገብተው ነበር። ሁለቱ ነባር ባለሙያዎች ተኳርፈው አንደኛው ለቀቀ፤ አዲሶቹ መጠየቅ ፈሩ፤ በፕሮግራሙ የሚሠሩትን የእሳት አደጋ ስልክ ተቀባዮችማ ማንም አላማከራቸው። ሎርና፣ ብዙ ጥሪ አንድ ላይ ሲመጣ የኋለኞቹ እንደሚጠፉ ሦስት ጊዜ ጽፈው አመለከቱ። በመጨረሻው ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ «አልደረሰም የሚል እጁን ያውጣ፤ ነገ ‹ብዬ ነበር› የሚል አልሰማም» አሉ። በስብሰባው የነበረው አሥራ አንዱም ሰው ዝም አለ። እህቴም ዝም አሉ። «ሦስቴ ተስቆብኛል፤ አራተኛውን ፈራሁ» ብለውኛል።

ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ውሎ በየካቲት 1998 ነፋስ በበረታበትና የእሳት ጥሪ በበዛበት ቀን፣ ንብ አናቢው አቶ አልቢ ፌነር ሁለት ጊዜ ደውለው ጥሪያቸው ለጣቢያው ሳይደርስ እቤታቸው ውስጥ ተቃጥለው ሞቱ። አደጋውን እንዲያጣሩ በተሰየሙት ሰዎች ፊት ድርጅቱ ጥፋቱን በማሽኑ አሳበበ። ሎርና ተነሥተው «ማሽኑማ ያዘዝነውን ነው ያደረገው። እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሥራቸውንም ወዳጆቻቸውንም አጡ።

ከዚያ ወደ ሟቹ ባለቤት፣ ወደ ወይዘሮ አይቪ ፌነር ሄዱ።

«ሻይ አላፈላልሽም» አሏቸው በሩ ላይ።

«ለሻይ አልመጣሁም፣ እትዬ።»

የመጡበትን ነገሯቸው፤ በሩ ተዘጋ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ አሁንም ተዘጋ። በሦስተኛው ወይዘሮ አይቪ «መምጣትሽ ካልቀረ ሐኪም ቤት አድርሺኝ» አሉ። እህቴ ሃያ ዓመት አመላለሷቸው።

በቆሽት ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው ነሐሴ 14 ቀን 2019 በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ወንድማቸው ስታንሊ ቀርተናል። ይህን ስጽፍ የዘጠና አንድ ዓመቷ ወይዘሮ አይቪ ደውለው «ከእህቶቿ ጋር ጻፈኝ» አሉኝ።

«እህት እኮ የላትም» አልኳቸው።

«አሁን አለቻት» አሉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ዘንድ ያሳርፍልን፤ ወይዘሮ አይቪንም እኛንም ያጽናናን።