ድንጋዩ አይነሳ ያሉት ዶን ኤሌውቴሪዮ

ወዳጆቼ፣ ቁጭ በሉ። የቆማችሁትም ጠጋ ጠጋ በሉና የወንድሜን ታሪክ እስከ መጨረሻው ስሙልኝ።

ወንድሜ ዶን ኤሌውቴሪዮ ሆጅ ከአባታቸው ከጆሹዋ ሆጅና ከእናታቸው ከአደሊን ፊፕስ እ.ኤ.አ. በ1941 በከተማችን በሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ፣ እዚሁ ስኳር ፋብሪካው ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ወደ አገዳ ቆረጣው ገቡ። በ1966 ከዶኛ ሚላግሮስ ጋር ተጋብተው ኖርካን ወለዱ።

እሑድ እሑድ ለሰፈራችን ቤዝቦል ይጫወቱ ነበር። ዱላ ይዘው መምታቱ አይሆንላቸውም፤ ጓንት ካጠለቁ ግን መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ አያልፋቸውም። ስለማይፈሩ ይመስለን ነበር። ለካ ዱላው ኳሱን በነካ ቁጥር ይፈሩ ኖሯል። «ያልፈራ እጁን አያዘጋጅም» ይሉ ነበር።

የኖርካን ልጅ ዬርሰንንም ያስተማሩት መያዝን ነው። ሰፈርተኛው፣ «ዶን፣ በጓንት ከዚህ ደሴት የወጣ ማን አለ? መምታት ያስተምሩት እንጂ!» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እውነትም ያኔ ልጆቻችንን የሚወስዱት የውጭ አገር ክለቦች የሚጠይቁት «ስንት መታ?» ብለው ብቻ ነበር። እሳቸውም የልጁን ዕድል የዘጋሁት እኔ ነኝ እያሉ እንቅልፍ አጡ።

በ2017 የክለብ መልማዮች ሊመጡ ሲሉ፣ እንደ ልማዳችን፣ ልጆቻችን እንዲያምርባቸው ከሜዳው ድንጋይ ልንለቅም ወጣን።

«ዬርሰን የሚቆምበት ጋ ያለውን ድንጋይ ተዉት፤ አይነሳ!» አሉ ዶን ኤሌውቴሪዮ።

«አባዬ፣ ጥርሱ እንዲረግፍ ነው እንዴ?» አለች ኖርካ።

«እኔም እሱን ፈርቻለሁ ልጄ። ግን ለስላሳ ሜዳ ላይማ ማንም ይይዛል።»

መልማዮቹ በመጡ ዕለት ኳሱ ድንጋይ ነክቶ ወደ ልጁ ፊት ሲነሳ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ስንገልጥ ጓንት ባላጠለቀው እጁ ይዞታል። ከመልማዮቹ አንዱም፣ «መቺማ ሞልቷል፤ አሁን የቸገረን እንዲህ አድርጎ የሚያስቀር ነው» ብሎ አስፈረመው።

ኋላ ዶን ኤሌውቴሪዮ ሳንባቸውን ታመሙ። ባለፈው ቅዳሜ ዬርሰን ከክለቡ ለእረፍት መጥቶ ለከተማችን ቡድን ተሰልፎ ነበር፤ ያስገቡትም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የያዙትን ብልጫ እንዲያስጠብቅ ነው። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው በሬዲዮ ሲሰሙ፣ ዱላው በጮኸ ቁጥር እጆቻቸው አንሶላው ላይ ይከፈቱ ነበር። የመጨረሻው ኳስ ወደ ልጁ ተመታ፤ ሬዲዮው በሕዝብ ጩኸት ተዋጠ፤ ዶኛ ሚላግሮስ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጠፉ።

«ሚላግሮስ፣ አለፈው?»

«ያዘው አንተ ሰውዬ፣ ያዘው! በቃ፣ አትፍራ።»

ያኔ እጆቻቸውን ገጠሙ። በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2020 ጠዋት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና እኔን ታናሻቸውን ትተውናል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራ የኖረች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሁለት እጁ ይቀበላት።

እናንተም ልጆቼ፣ ዱላ ኳስ ሲመታ ሰምታችሁ ፍርሃት ሲይዛችሁ፣ እጃችሁን ከፈት አድርጉና ወንድሜን አስታውሱልኝ።