እንግዳ መግባት ክልክል ስለሆነበት የእንግዳ ማረፊያ

ለረጅሙ የባህል የእግር መንገድ ጽሕፈት ቤት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሠራተኞችዎ ሁሉ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ደጅዎም የሚያንኳኳ ወዳጅ እንዳያጣ እለምናለሁ። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ አስተያየቴን አቆይቼ የሆነውን እንደ አሆናኑ አስቀድማለሁ።

ጥቅምት 5፦ መንገዱ ተመርቆ ተከፈተ። ከወንዙ ማዶ ያለው የአክስቴ ቤት «አስተናጋጅ ቤት» ተባለና «እንግዳ የቤቱ ጌታ ነው» የሚል የእንጨት ምልክት ከበሩ በላይ ተሰቀለ።

ጥር 20፦ ከድልድዩ አጠገብ ካለው የጽሕፈት ቤትዎ ማረፊያ አንድ ፍራሽ ተሰረቀ።

ጥር 27፦ በስርቆቱ ምክንያት ለማረፊያዎች ሁሉ ማስታወቂያ ወጣ። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «እንግዳ ሰው መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ማስታወቂያው በድልድዩ ማረፊያ በር ላይ፣ «የእንግዳ ማረፊያ» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ተለጠፈ።

ሐምሌ 11፦ መንገዱን ብቻዋን ትጓዝ የነበረች አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ፣ እግሯ ወለም ብሏት፣ በከባድ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ከማረፊያው በር ደረሰች። አልገባችም። እያነከሰች ድልድዩን ተሻግራ አክስቴ ቤት ስትደርስ ሰውነቷ በትኩሳት ይነድ ነበር።

ሐምሌ 12፦ በሠፈራችን አናጢ መኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። የሳንባ ምች ተባለ።

ሐምሌ 19፦ አክስቴ «ያልተመዘገበ እንግዳ ሰው በማሳደር ጥፋት» ከነሐሴ 1 ጀምሮ ከአስተናጋጅነት መሰረዟን፣ መንገዱም ከቤቷ ርቆ በአስፋልቱ በኩል እንደሚዞር የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት።

ዛሬ ሐምሌ 24 ነው። ሐኪሞቹ ስለ መንገደኛዋ ትድናለችም አትድንምም አላሉም። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በሚገባው አክብሮት ላቅርብ።

አንደኛ። ስለ ማስታወቂያው አጻጻፍ። የረቂቁ አዘጋጅ ሊል የፈለገው «ሥራ የሌለው ሰው አይግባ» እንደነበረ አልጠራጠርም፤ በመጋዘን በር ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮም ማንም ባልተሳሳተ። የተለጠፈው ግን እንግዳ እንዲገባበት በተሠራ ቤት ላይ ነው። የማረፊያውን የጥበቃ ሠራተኛ እንዳይወቅሱብኝ አደራ እላለሁ፤ ጥፋቱ ማንበብ መቻሉ ብቻ ነው። እሱ ራሱ እንደነገረኝ ለመንገደኛዋ «እናቴ፣ ባስገባሽ ደስ ባለኝ፤ ግን እንግዳ አይገባም ይላል፣ አንቺ ደግሞ እንግዳ ነሽ» ብሏታል። እሷም በዚያ ዝናብ ውስጥ ቆማ «ታዲያ ማን ነው የሚገባው?» ስትለው፣ ከልቡ አስቦ «እሱን እንጃ፤ ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ የገባ የለም» ሲል መልሷል። ትእዛዝን እንዲህ ባለ ታማኝነት የሚፈጽም ሠራተኛ ስላፈሩ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ። ስለ ምርመራው። ጉዳዩን እንዲያጣራ የላኩት ወጣት ተቆጣጣሪ እጅግ ጨዋ ነበር፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። አክስቴን «ሴትየዋን ከዚህ በፊት ታውቂያት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት እሷ «አይ ልጄ፣ ባውቃትማ ዘመድ እንጂ እንግዳ መች ትባላለች?» አለችው። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ ልጁ ሳቅ ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። በደብዳቤዎ ላይ ይኸው መልስ «ያሳደረችው ሰው እንግዳ መሆኗን አምናለች» ተብሎ ሰፍሯል። አክስቴ በሕይወቷ ብዙ ነገር ተብላለች፤ እንግዳ ተቀብላ ጥፋቷን ያመነች መባል ግን አዲስ ማዕረግ ነው።

ሦስተኛ። ስለ ትርጓሜው። ደብዳቤዎ በሁለተኛው አንቀጽ፣ «እንግዳ» ማለት በዋናው ቢሮ ተመዝግቦ የታወቀ ተጓዥ ሲሆን «እንግዳ ሰው» ማለት ግን ያልተመዘገበ ነው ሲል ያብራራል። ማብራሪያውን ደጋግሜ አነበብሁት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት «ሰው» የሚለው ቃል ብቻ በመሆኑ፣ እንግዳ ከበር የሚመለሰው ሰው ሆኖ ሲገኝ ነው ከሚል ድምዳሜ ላይ ለመድረስ ተገድጃለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ለመታረም ዝግጁ ነኝ። ዋናው ቢሮ ከድልድዩ የአንድ ቀን መንገድ እንደሚርቅ፣ በሸለቆውም ውስጥ የስልክ ኔትወርክ እንደሌለ ግን ለማስታወስ ያህል ብቻ እጠቅሳለሁ፤ እግሯ ወለም ያላት ሴት ተመልሳ ሄዳ ብትመዘገብ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ደንቡን ይጠብቅ ነበር።

አራተኛ፣ በአስፋልቱ በኩል ስለሚዞረው መንገድ። ይህ ውሳኔ ከሁሉም ይልቅ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። በአስፋልቱ ዳር ከነዳጅ ማደያው በቀር የሚያንኳኩት በር ስለሌለ፣ ያልተፈቀደለትን የመቀበል ጥፋት ከነሥሩ ይነቀላል። በእርግጥ በእኛ በኩል ጥቂት ነገር ይጎድላል። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን የተጓዥ ጫማ መስፋት ከጀመረ ወዲህ «መንገዱ ተረከዝ ይበላል፣ እኔም ከተረከዝ እበላለሁ» እያለ ይቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱንም ሥራውንም ትቷል። አክስቴ ደግሞ ያላት ይህ ቤት ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። የጽሕፈት ቤትዎ አሠልጣኝ፣ መንገዱ ለአካባቢው ሰው እንጀራ እንደሚሆን በሠፈሩ ሰው ፊት ቃል በገባ ሰሞን፣ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ሁለት አልጋ ገዛች፤ የምትሰፋበትንም ክፍል ለመንገደኛ መኝታ አደረገችው። ነሐሴ 1 መንገዱ ከዞረ አልጋዎቹ ባዶ ይቀራሉ፣ የተሸጠው የስፌት መኪናም አይመለስም። «ያቺን ሴት መልሼ ብሆን ኖሮ ዛሬ ምልክቱም አልጋውም የእኔ ነበር አይደል?» ብላ ጠይቃኛለች። የጥያቄዋ መልስ «አዎ» ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። እርስዎ ከእኔ የተሻለ መልስ ካለዎት ለእሷ ቢጽፉላት ደስ ይለኛል።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ ከነሐሴ 1 በፊት ውሳኔው ይነሣ፤ ማስታወቂያው ከበሩ ይውረድ፤ ዝናብ የመታው ሰው ስሙን የሚናገረው ከገባ በኋላ እንዲሆን ይደንገግ። ሦስቱም ባይቻሉ የመጀመሪያው ይበቃናል።

በመጨረሻም፣ እንግዳ ተቀባይነት በአዋቂ መሥሪያ ቤት ካልተመራ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ስላስተማሩን፣ በምረቃውም ዕለት በአክስቴ ቤት ሳይመዘገቡ ገብተው በመስተናገድዎ ስላከበሩን፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የክቡርነትዎን መልስ ቆሞ ሳይሆን፣ እግዚአብሔር ይስጣትና፣ በአክስቱ ቤት ተቀምጦ የሚጠባበቅ፣

ታዛዥዎ፣
የተሰረዘችው አስተናጋጅ የእህት ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ሐምሌ 26 ቀን፣ ከቀነ ገደቡ በፊት፣ ሦስት ሠራተኞችዎ ምልክቱን ለመንቀል መጡ። መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ሰጥማ በእግራቸው ስለደረሱ በስብሰው ነበር። አክስቴ «ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ በር ላይ ምን ያቆማችኋል?» ብላ አስገባቻቸው፤ ካልሲያቸውን ምድጃ ዳር አደረቁ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ። ሦስቱም አልተመዘገቡም ነበርና ሁለተኛ የጥፋት ደብዳቤ እንዳይጻፍባት አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ካቻቢቴ ረስተው ስለመጡ ከእሷው ተውሰው ብሎኑን ፈቱ፤ ምልክቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ወሰዱ። ካቻቢቴውን መልሰዋል። አመስግነዋል። በሩንም ቀስ ብለው ዘግተዋል። ሆስፒታል የተኛችው ሴት በሕይወት ትኑር አትኑር ግን አልጠየቁም።