ስልክ ቁጥሩን ከግርጌ የደበቅኩት እኔ ነኝ

ውድ ሄልሚ፣

ዋናውን ነገር ከላይ ልጻፈው። ወንድምሽ አርቮ የፊታችን ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የአባታችሁን የማሞቂያ ጥገና ሱቅ ሊሸጥ ነው። የገዢው ወረቀት ተዘጋጅቷል፣ የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ለዚህ ያደረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስልኬን እንደማታነሺ አውቃለሁ፣ መብትሽ ነው። ኢሜይልም ብልክ ሳታነቢ እንደምታጠፊው ስለገመትኩ ይኸው በወረቀት ጻፍኩልሽ። ይህ ሦስተኛው ነው፣ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ ሀይቁን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አንቺ ብትኖሪ "ዌንደል፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፣ ወለሉን ጨረስከው" ትይኝ ነበር። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ከዚያ በኋላ ብትሰድቢኝም እችለዋለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል። የጥርስ ሐኪም፣ የዓሣ ነጋዴ፣ የጠበቃ፣ የጀልባ አከራይ፣ የስንቱን ዌብሳይት መነሻ ገጽ ሠራን። አንድ ገጽ ባለቀ ቁጥር አንቺ ካፖርትሽን ለብሰሽ፣ ስልክሽን ይዘሽ ትወጫለሽ፤ እኔንም በግድ ትጎትቺኛለሽ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው፣ ዓሣ ለመግዛት የተሰለፈ ሰው፣ ማንንም አትምሪም ነበር። ገጹን ታሳዪዋለሽ፣ እስከ አምስት ትቆጥሪያለሽ፣ ከዚያ ስክሪኑን በሱፍ ጓንትሽ ትሸፍኚና የገጹ ባለቤቶች ምን እንደሚሠሩ፣ ቢፈልጋቸው ምን እንደሚያደርግ ትጠይቂዋለሽ። መመለስ ካቃተው ቢሮ ተመልሰን እንደ አዲስ እንጀምራለን። እኔ መንገድ ላይ ሰው ማስቆም ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም የማላውቅሽ መስዬ የጫማ ቤት መስኮት ሳይ ያዝሽኝና ቀኑን ሙሉ ስትስቂብኝ ዋልሽ።

ያኔ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ እቀናብሽ ነበር። እኔ ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን ቀለምና ፊደል አንድ መንገደኛ በአምስት ሰከንድ ይጥለዋል፣ አንቺ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱን ትሰሚያለሽ። በሆዴ "እስቲ አንድ ቀን እሷ የማትነካው ሥራ ልሥራ" እል ነበር። ያ ሥራ የወንድምሽ ሆነና አረፈው።

የአርቮ የድሮ ገጽ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ዛሬም አስቀያሚ ነው። መደቡ ብርቱካናማ፣ አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ "በዱሉዝና በአካባቢው የቤት ማሞቂያ እንጠግናለን"፣ ከዚያ አርቮና ሠራተኛው ኦስካር ቱታቸውን ለብሰው ቫኑ አጠገብ ቆመዋል፣ ኦስካር ዓይኑን ጨፍኗል። ያችን ፎቶ እንቀይራት ባልኩሽ ቁጥር "ተዋት፣ ሰው ማሞቂያው ወዳለበት ምድር ቤቱ የሚገባውን ሰው ፊት አይቶ ነው በሩን የሚከፍተው" ትይኝ ነበር። እኔ ግን ቀየርኳት። ፎቶዋን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም። መደቡን ጥቁር አደረግሁት፣ ሀይቁ ላይ በረዶ በቀስታ ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቅሁበት፣ መሃል ላይ በቀጭን ነጭ ፊደል "ሙቀት ታሪክ አለው" ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥሩ ውበቱን ያበላሽብኛል ብዬ ከግርጌ፣ በግራጫ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል አስቀመጥኩት።

ቢሮ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ስንከፍተው ያምር ነበር፣ ምን ይደረጋል። አርቮ ለዚያ ቀን ብሎ ክራባት አስሮ መጣ። የአባቱ ሱቅ እንደ ፊልም ሲታይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንቺ ብቻ እጅሽን አጣምረሽ ቆመሽ ነበር።

"ቤቱ የቀዘቀዘበት ሰው ታሪክ አይፈልግም፣ ዌንደል" አልሽኝ። "ጣቱ ደንዝዟል፣ ምድር ቤት ነው፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው። ቁጥሩን ስጠው።"

ሰው ፊት ስለተናገርሽኝ ደሜ ፈላ። አንቺ ሁሉንም ነገር የጉሊት ማስታወቂያ እንደምታስመስይ፣ ውበት የሚባል ነገር እንደማይገባሽ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩብሽ። አርቮም ከእኔ ጎን ቆመ። በማግስቱ ዕቃሽን በካርቶን ጠቅልለሽ ወደ ሚልዋኪ ከተማ ሄድሽ። ስትሄጂ የሁሉንም ደንበኛ የይለፍ ቃልና የሚታደሰውን ነገር ሁሉ በቢጫ ወረቀት ጽፈሽ ጠረጴዛዬ ላይ ትተሽልኝ ነበር። አንድ የጎደለ አልነበረውም። ይህን ያዢልኝ።

ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጀምር የገጹን የጎብኚዎች መረጃ ከፍቼ አየሁ። ከመቶ ሰው ሰባ አንዱ ቪዲዮው ተከፍቶ ሳያልቅ ጥሎ ይወጣል። ከቀረው ውስጥ እስከ ግርጌ የሚወርደው በጣት የሚቆጠር ነው። አየሁት ሄልሚ፣ ገባኝም። ግን ገጹን ውድድር አስገብቼው ነበር። ዳኞቹ እስከ የካቲት ድረስ ያዩታል፣ ከነካሁት ከውድድሩ ይወጣል። መረጃውን ዘጋሁትና ሌላ ሥራ ጀመርኩ።

በሳምንቱ አርቮ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። በዚህ ብርድ ስልኩ ለምን ዝም አለ ብሎ ጠየቀኝ። ገጹ ይሆን እንዴ ያለውም ራሱ ነው፣ እውነቱን እንድናገር በሩን ከፍቶልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ። ሰው በኢንተርኔት ካርታ ላይ ማሞቂያ ጠጋኝ ሲፈልግ የሚያገኘውን የሱቁን ስልክና አድራሻ የምትይዘው ሄልሚ ነበረች አልኩት። ስትሄድ ተናዳ አጥፍታው ይሆናል አልኩት። ቢጫው ወረቀትሽ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ነው ይህን ያልኩት። የካርታው ጽሑፍም በቦታው ነበር፣ አንድ ፊደል አልተነካም። አርቮ ኮምፒውተር አይነካም፣ አመነኝ።

የዚያኑ ቀን ደወለልሽ። ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም። በማግስቱ ምሳ ላይ የሩዝ ሾርባ እየበላን "ከእንግዲህ እህት የለኝም" አለኝ። እኔ ዳቦውን አቀበልኩት።

ጥር ላይ ኦስካርን አሰናበተው፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮት የሠራውን ሰው። የካቲት ላይ እኔ ተሸለምኩ። ከመስታወት የተሠራ ነገር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ነበር፣ ቀና ባልኩ ቁጥር ስለሚረብሸኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እንቅልፌም ሥራዬም ተበላሸ። ቢሮ እገባለሁ፣ ኮት ሳላወልቅ እወጣለሁ።

ባለፈው ረቡዕ የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ተበላሽቶ ልብሴን ይዤ ሳንቲም እየከፈሉ የሚያጥቡበት ቤት ሄድኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ማሞቂያ ጠጋኝ ትፈልጋለች። ቤቷ ከጠዋት ጀምሮ ቀዝቅዟል። እናቷን ጎረቤት አስቀምጣ፣ እዚህ የመጣችው ልብሱ ቆሽሾ ሳይሆን ማጠቢያ ቤቱ ስለሚሞቅ እንደሆነ ለማንም ሳይሆን ለራሷ ታወራለች። ሰረቅ አድርጌ ስልኳን አየሁት። የእኔ ገጽ ነበር። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና መሃሉ ላይ አንድ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረ። እሷ ትጠብቃለች። ከስንት ጊዜ በኋላ በረዶው መውረድ ጀመረ።

"የበረዶ ሸርተቴ ነው እንዴ የሚያከራዩት?" አለች።

ዝም ማለት አቃተኝና ቁጥሩ ከታች፣ መጨረሻው ላይ፣ በግራጫ እንደተጻፈ ነገርኳት። አወረደች፣ አወረደች፣ አገኘችው። በጣቷ ነካችው፣ አይደውልም። ሲነካ እንዲደውል እንኳ አላደረግሁትም ነበር። ቀና ብላ እዚያ እንዳለ በምን እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ አልኳት።

"ምን አድርገንህ ነው?" አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም፣ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው። የአርቮን ቁጥር በቃሌ ነገርኳት፣ ደወለች፣ እሱም በአርባ ደቂቃ ውስጥ ቤቷ ደረሰላት። እኔ ልብሴን ማሽኑ ውስጥ ረስቼ ቢሮ ሮጥኩ።

ቪዲዮውን ጣልኩት። "ሙቀት ታሪክ አለው"ንም ጣልኩት፣ ሳጠፋው አፈርኩ እንጂ አላዘንኩም። ቁጥሩን አናት ላይ አወጣሁት፣ ጓንት ያደረገ ጣት እንኳ እንዳይስተው አድርጌ አተለቅሁት፣ ሲነካ ይደውላል። ከሥሩ "የቆመ ማሞቂያ በዚያው ቀን እንጠግናለን፤ ዱሉዝና አካባቢው" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የአርቮንና የኦስካርን ፎቶ መለስኩ። ሌላ የሚንቀሳቀስ፣ የሚከፈት፣ የሚያበራ ነገር የለውም። ከዚያ ስልኬን ይዤ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ተመለስኩ። ብቻዬን ነው፣ አንቺ በሌለሽበት። የመጀመሪያው ሰውዬ ልለምነው የመጣሁ መስሎት ፊቱን አዞረብኝ። ሁለተኛዋ ማሞቂያ ይሸጣሉ አለች፣ ስለዚህ "እንጠግናለን" የሚለውን አጎላሁት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እነዚህ ሰዎች እሑድ ይሠራሉ ወይ አለኝ። ሊደውል የተነሳን ሰው የሚያስቆመው ይህ ጥያቄ መሆኑ በሃያ ዓመት ሥራዬ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የሥራ ሰዓቱን ቁጥሩ ሥር ጨመርኩ። ዘጠነኛው ሰው ላይ ስደርስ ስክሪኑን ሳልሸፍነው ነው የመለሰልኝ። ቅዳሜ ገጹን ለቀቅሁት።

ትናንት ሰኞ አርቮን ፍለጋ ሄድኩ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ማሞቂያ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። ከቅዳሜ ወዲህ ሠላሳ አንድ ሰው እንደደወለለት ነገረኝ፤ ዘግይቷል እንጂ ጥሩ ነው፣ ሱቁን ዓርብ ልሸጠው ነው አለኝ። እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኩት። የጎብኚዎቹን መረጃ፣ ውድድሩን፣ ቢጫውን ወረቀት፣ በስምሽ የዋሸሁትን። ቀና ብሎ አላየኝም። ብሎኑን አጥብቆ ጨረሰ፣ ማሞቂያውን አስነሳ፣ ድምፁ እስኪስተካከል ጠበቀ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ይመታኛል ብዬ ነበር፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"አንተን አምኜ እሷን ሳላምን ቀረሁ" አለኝ። "አሁን በየትኛው አፌ ነው የምደውልላት?"

እኔ ልደውልላት አልኩት፤ የእኔን ስልክ እንደማታነሺ ግን ያውቃል። ትንሽ አሰበና "ጻፍላት" አለኝ። "አንድ ነገር ሳታስቀር ጻፍላት። ካነበበች በኋላ ከደወለች፣ ብንሸጠውም ባንሸጠውም ሁለታችን እንወስናለን። ካልደወለች እፈርማለሁ። ብቻዬን ለማን ብዬ ነው የምይዘው?"

ይኸው ጻፍኩ፣ ምንም አላስቀረሁም። የመስታወቱን ሽልማት ዛሬ ጠዋት መልሼ ልኬዋለሁ። ከፖስታ ቤቱ ስወጣ ኦስካር ቤት ሄጄ ለእሱም እናገራለሁ፣ በሩን ከዘጋብኝም ከደጅ ሆኜ እናገራለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ያን ለመጠየቅ ገና ነኝ። የምለምንሽ ለእኔ አይደለም። ደብዳቤው በፈጣን ፖስታ ሐሙስ ጠዋት እጅሽ ይገባል ብለውኛል፤ አንድ ቀን ሙሉ አለሽ።

አሁን ሱቁ አጠገብ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጨርሰው፣ አርቮ በሱቁ መስኮት ይታየኛል። የደወሉለት ደንበኞች ካርታው ላይ ከሱቁ ስም ሥር ምስጋና መጻፍ ጀምረዋል። ከትናንት ወዲህ ሁሉም የሚያደንቁት አንድ ነገር ነው፤ ስልኩ አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ይነሳል ይላሉ። ፈጣን አገልግሎት መስሏቸው ነው። ይህ ደብዳቤ ገና ከእጄ እንዳልወጣ አርቮ ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ። ቢሆንም ስልኩ በጠራ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽው ነው።

የበደለሽ፣
ዌንደል