ሳጥን ውስጥ ያለች ቅንጣትና አባዬ

ታኅሣሥ 16 ቀን 2007

ዛሬም ሦስት ክፍለ ጊዜ። ዘጠነኛ ሲ እንደ ልማዱ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ፣ ተደወለ፣ ወጣሁ።

ውጤቱን ግን ከጭንቅላቴ ማውጣት አቃተኝ። ኳንተም ሜካኒክስ፣ ሠላሳ ስምንት ከመቶ! የፊዚክስ መምህር ነኝ ብዬ ክረምት በመጣ ቁጥር ባሕር ዳር የምመላለሰው ለዚህ ነው? ድጋሚ ፈተናው ጥር 23። ያኔም ከወደቅኩ ማስተርሱ አበቃ። ሁለት ክረምት ውሃ በላው ማለት ነው።

ጥያቄው እኮ ቀላል ይመስላል። አንዲት ቅንጣት ግድግዳው የማይበሳ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባታል። ትንሹ ጉልበቷ ስንት ነው? ዜሮ አልኩ። የተዘጋበት ነገር አርፎ ይቀመጣላ! ዶክተር መሳፍንት በቀይ "አይደለም" ብሎ ጻፈበት። ለምን እንዳልሆነ ግን አልጻፈም።

ደግሞ ጥር 23! የፈረሰኞቹ በዓል ቀን… ሌላ ቀን አጡ?

ታኅሣሥ 19

አባዬ ከፈረስ ወደቀ። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ፈረሱን ዳማን ለበዓሉ ሲያለማምድ። በስልሳ ሰባት ዓመቱ! ቀኝ እግሩ ተሰብሯል፣ ጀሶ ታስሯል። ሐኪሙ "ስድስት ሳምንት መሬት እንዳያስነኩት" አለው። እንጅባራ እኔ ጋ ይሻላል ተባለ። አልጋዬን ለቀቅኩለት፤ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ። ክፍሌ ሦስት ሜትር በአራት ናት።

ገና ከመኪና ሲወርድ "ዳማስ?" አለኝ። የእግሩ ነገር ግድም አልሰጠው። ፈረሱን ጓደኛው አያ አየነው ወስዶታል።

ታኅሣሥ 27

ኧረ በስመ አብ! አንድ ደቂቃ አያርፍም። ይገላበጣል፣ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ በአዊኛ ብቻውን ያወራል። አከራዬ እትዬ ምህረቴ ብቅ ብላ "ኧረ አያ ክንዴ፣ ይረፉ!" ብትለው "የት ልረፍ? ቤቱ እንደ ጉረኖ ጠበበኝ" አላት።

ብልጥ ነኝ ብዬ አልጋውን ጥግ አስገባሁት፤ በወዲህ በኩል ጠረጴዛዬን ገጠምኩ። እንዳይነሳ። ባሰበት! ጠረጴዛው ራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማስታወሻዬን ስገልጥ ምን አገኘሁ… የሳጥኑ ስፋት በግማሽ ሲጠብ ትንሹ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ወይ አባዬ! ብቻዬን ሳቅኩ። ጠረጴዛውን መለስኩለት።

ግን ዜሮ ለምን አይሆንም? አሁንም አልገባኝም።

ጥር 4

ገባኝ! ገባኝ! ገባኝ!

አባዬ "ምንድነው ሁልጊዜ የሚያስለቅስሽ?" አለ። ነገርኩት፤ ቅንጣቷ እንደ ሞገድ ናት፣ ሞገዱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ መሞት አለበት። ትንሽ አሰበና "መጫኛ አምጪ" አለኝ። ጭነት የምናስርበትን ጠፍር። አንዱን ጫፍ በሩ መቃን ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን እሱ ያዘ፤ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ያወዛውዘው ጀመር። በዝግታ ሲያደርገው አንድ ሆድ አወጣ። ፈጠን ሲያደርገው ሁለት፣ መሃሉ ሳይነቃነቅ። በሁለቱ መካከል ሲሆን ዝም ብሎ ይተረማመሳል።

"አንድ ተኩል የለም?" አልኩት።

"እምቢ ይላል። አየሽው አይደል?"

"ዜሮስ?"

እጁን አቆመ። መጫኛው ቀጥ አለ። "ይኼማ ምኑ ሞገድ ነው? የለም እኮ።"

የለም! ሞገዱ በሁሉም ቦታ ዜሮ ከሆነ ቅንጣቷ ሳጥኑ ውስጥ የለችም ማለት ነው። ካለች ትንቀሳቀሳለች፤ ቁጥሩ ከአንድ ነው የሚጀምረው። ሁለት ክረምት ሙሉ ያልገባኝ ነገር… ግንባሩን ሳምኩት። "ምን አደረግኩ?" ይላል።

ጥር 11

ጥምቀት። አባዬ ታቦቱ ሲያልፍ በመስኮት ተሳለመ። እኔ ስልሳ ጥያቄ ሠራሁ፤ አራት ብቻ ሳትኩ።

ጥር 20

ተጣላን። ፈተናውን ልተወውና በዓሉን በባጃጅ ወስጄ ላሳይህ ስለው ጮኸብኝ። "ብታዝይኝ አልታዘልም! ሂጂና ተፈተኚ።" ዓይኑ ግን… ሠላሳ ዓመት ያልቀረበት በዓል ነው፣ አንጀቴን በላው።

ኋላ ራሱ መላ አመጣ። "እኔ ብቀር ዳማ አይቅር። አየነው ይሳበው። ኮርቻው ላይ ጋሻዬን አድርጉበት፣ ያምራል።" ደስ አለኝ። የኮርቻውን ቀይ ጨርቅ ራሴ አጠብኩት።

ጥር 24

ትናንት እጄ እምቢ ስላለኝ አልጻፍኩም።

ፈተናው አራት ሰዓት ነበር። ልንገባ ስንል ስልኬ ጠራ። ፀጋው ነው፣ አብሮኝ የሚያስተምረው። "ስሜነሽ… አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል። ቶሎ ነይ።" ከኋላው እዬዬ ይሰማል። ትንሽ አሟቸዋል! የአገሬን ነገር አላውቅም እንዴ? መርዶ በስልክ አይነገርም፤ "ትንሽ አሟቸዋል" ነው የሚባለው። እትዬ ምህረቴ ጋ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ደገምኩ፣ የለም። ዶክተር መሳፍንት ወረቀት ሊያድል ነው። "አባቴ…" ብቻ አልኩት። ወጣሁ።

ሚኒባሱ ዳንግላ ላይ ቆሞ ሰው ሲያወርድ ሲጭን ልሞት ደረስኩ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ በነጠላዋ ፊቴን እየጠረገች መጣች።

ቤት ደረስኩ። ድንኳን የለም። በሩን በረገድኩት። አባዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል!

"ምነው? አለቀ ፈተናው?"

እግሩ ላይ ተደፋሁ። በተሰበረው በኩል። "እግሬን!" ብሎ ጮኸ።

ለካ ዳማ ባዶ ኮርቻውን፣ ጋሻ ተጭኖበት፣ እየተሳበ ሜዳ ሲገባ… እኛ አገር እንዲያ የሚሳበው የሟች ፈረስ ነው! "ወይኔ ክንዴን!" ተባለ። አያ አየነው "ኧረ አልሞተም!" ቢል ማን ይስማው? ለቅሶው ቀለጠ። ሦስታችንም የዚሁ አገር ሰዎች፣ እንዴት አንዳችን እንኳ አላሰብነውም?

አባዬ መጀመሪያ ሳቀ። "ስንት ሰው አለቀሰ?" ብሎም ጠየቀ። ኋላ ፊቴን አየው። "ፈተናውን ጥለሽ ነው የመጣሽ?" ቆሎውን አስቀመጠው።

ጥር 27

ዶክተር መሳፍንት ጋ ደወልኩ። አዘነልኝ። "የሞት ማስረጃ ከቀበሌ አምጪ፤ እንደገና እፈትንሻለሁ።"

"አልሞተም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

ምን ልበል? ተንተባተብኩ። እንዳላመነኝ ገባኝ። አባዬ ከአልጋው ላይ "ቀን ይንገርሽ። ማስረጃው እኔ ነኝ" አለ።

የካቲት 3

ጀሶው ትናንት ተፈታ። ዛሬ ጋቢውን ለብሶ፣ በምርኩዝ፣ ባሕር ዳር ድረስ! ደረጃውን ሲወጣ ሦስት ጊዜ አረፈ፤ ልደግፈው ስል እጄን መታኝ።

ቢሮ ገባን። "ሞተ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አለና የዳማን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከለት። ዶክተሩ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "አባቴ ሞተ ብሎ ወረቀት የሚያመጣ ሞልቷል፤ ያልሞተ አባት ይዛ የመጣች ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።" ከዚያ ጠመኔ ሰጠኝ። አሁኑኑ!

ሃምሳ ደቂቃ። ከአንድ ለምን እንደሚጀምር አስረዳሁ። "ሁለተኛው ሞገድ ላይ ቅንጣቷ መሃል ፈጽሞ አትገኝም፤ ታዲያ ከግራ ወደ ቀኝ በየት ታልፋለች?" አለ። እንደ መንገደኛ አታልፍም፣ ሞገዱ በአንድ ጊዜ በሁለቱም በኩል ነው አልኩ። ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሰባ ስምንት።

ውጪ፣ አግዳሚው ላይ፣ አባዬ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልልና ይፈታ ነበር። "ምነው፣ ስጠየቅ ፈራህ?" አልኩት።

"አይ… ያን ቀን በሩን ስትከፍቺ ፊትሽን አየሁት። እኔ ስሞት እንዲያ ልትሆኚ ነው?"

"አዎ" አልኩት።

"እንግዲያስ ትንሽ ልቆይ" አለኝ። አቅፌው አለቀስኩ፤ ሰው ቢያይ ይይ። ከዚያ ምርኩዙን አነሳና ወደ መናኸሪያ ሄድን።