ከሊዝበን የመጣው ጓንት

ጥር 20። ዛሬ እዚህ ኦውሉ ከተማ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ዲግሪ ነው።

ልጄ ሄልካ፣ እግዜር ጤናውን ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ከአባትሽ ጣቶች በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ከሊዝበን የላክሽለት ስስ ጓንት ደርሷል። ማሸጊያው «ለብስክሌትም ለበረዶ ሸርተቴም» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ክረምትን በፖስታ ካርድ ብቻ ያየ ይመስለኛል። ሸርተቴ ላይ ክንድ በዘንግ እየገፋ ስለሚሠራ እጅ ያልበዋል፤ ስስ ጓንት ይበቃል። ብስክሌት ላይ ግን እጅ መሪውን እንደጨበጠ ነፋስ ይበላዋል። ጎረቤታችን ሚርያ ጓንቱን አይታ፣ አባትሽን «ታፓኒ፣ ይሄ የሠርግ ነው የቀብር?» አለችው።

«ልጄ የላከችልኝ ነው። ላንቺስ ማን ልኮልሽ ያውቃል?» ብሎ ዘጋት።

ትናንት በብስክሌት ከሥራ ሲመለስ ሁለት ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጥተው ነበር። አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘውን፣ ውስጡ ሱፍ የሆነውን የቆዳ ጓንት ሰጠሁት። «ይሄማ የድብ መዳፍ ነው» አለኝ። አባቱ ግን ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ያለውን አድርጎ፣ ዐሥር ጣቱን ይዞ ተቀበረ።

እኔን አይሰማም። እባክሽ አንቺ ጻፊለትና «ለሸርተቴ ብቻ ነው የላክሁልህ» በይው። ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ዛሬም የቆዳውን ምድጃው ላይ ትቶት ወጥቷል፣ ሞኝ። እንዳይቀዘቅዝ ብብቴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ብስክሌቴን ይዤ ልከተለው ነው፤ ደብዳቤውን ስመለስ አሽገዋለሁ።