እማማ ታየችን ከቤተሰባችን ስላስወጡልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የሥርዓት አስተሳሰብ ፕሮፌሰር፣
ስቶክሆልም

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤትዎ፣ እንዲሁም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመናገር በየወሩ በአውሮፕላን ለሚመላለሰው ሰውነትዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ የተማሪዎ የሀሴት አባት፣ በስቶክሆልም ዳርቻ በፊቲያ የምትገኝ አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በኢሜይል ብጽፍልዎ እስከ ነሐሴ ዕረፍት ላይ መሆንዎን ኮምፒውተርዎ በትሕትና ስለነገረኝ ነው።

ዓለም ሁሉ የተያያዘ መሆኑን፣ አንዱ ሲነካ ሌላው እንደሚናጋ፣ መጪው ትውልድም የሚተርፈው ይህን ትስስር ማየት ሲችል እንደሆነ የሚያስተምሩ ሰው መኖራቸውን ከልጄ ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። የቤተሰባችሁን ሥርዓት ሣሉ፣ ማን ማንን እንደሚንከባከብ በቀስት አሳዩ ብለው ተማሪዎችዎን ሲያዙም ሀሴት እናቷን፣ እኔን፣ ወንድሟን፣ ከዚያም ከኛ ሕንፃ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩትን እማማ ታየችን ሣለች።

እማማ ታየች በሥጋ አይዛመዱንም። እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ስንሠራ ሀሴትን ከመዋዕለ ሕፃናት እያመጡ ያሳደጉልን ግን እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ የቤተ ክርስቲያናችን ቤተሰቦች በየተራ እንሄድላቸዋለን። ማክሰኞ የሀሴት ተራ ነበር፤ ምግብ ታሞቅላቸዋለች፣ መጽሐፍ ቅዱስ ታነብላቸዋለች። ልጄ በአማርኛ የምትመልሰው ለእሳቸው ብቻ ነበር።

ቅሬታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ሥዕሏን ወሰን የለውም ብለው መለሱባት። ቤተሰብ ማለት በአንድ አድራሻ የሚኖር ነው ብለውም አረሙን። እኛ እስከዛሬ ቤተሰብ የሚባለው ስትቀር የሚጨነቅልህ ሰው ይመስለን ነበርና፣ ከዚህ ድንቁርና ስላወጡን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ልጄ ሥዕሉን አስተካከለች። በእማማ ታየች ቦታ የቆሻሻ መለያ ባልዲዎቻችን ገቡ፤ አንዱ የፕላስቲክ፣ አንዱ የካርቶን። እርስዎም ከፍተኛውን ውጤት ሰጧት። ባልዲዎቹ በጣም ኮርተዋል።

ሦስተኛ፣ ነገሩ ወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ ባላስቸገርኩዎት። ሀሴት ግን የተማረችውን የምትኖር ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ማክሰኞ መሄዷን ተወች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ የአረጋውያን ጉዳይ የኮሙኑ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሥርዓት እንጂ የኛ አይደለም፣ የኮሙኑ የቤት ረዳቶች አሉላቸው ብላ በስዊድንኛ መለሰችልኝ። በእሷ ፈንታ እኔ ሄድኩ። እማማ ታየች በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቁ ነበር፤ ኮቴዬን ሰምተው በልጄ ስም ጠሩኝ። እኔ መሆኔን ሲያውቁ መረቁኝ፤ ልጅቷን በምን አስቀይሜያት ይሆን እያሉ ግን እስክወጣ ድረስ ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ምሽት ጠላሁዎት።

ይቅርታዎን፤ ወደ አክብሮቴ ልመለስ። ውጤቷን እንዲቀይሩ አልጠይቅም። አንድ ማክሰኞ ብቻ ብቅ ብለው፣ ያሳደጓት ልጅ ለምን እንደቀረችባቸው ለእማማ ታየች ራስዎ ያስረዱልኝ። ዓይናቸው ስለማያይ ስላይድ በማዘጋጀት አይድከሙ።

ዕውቀትዎ እንዳይጎድል፣ ጥርጣሬም ደጅዎን እንዳይረግጥ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ባሕሩ ገመዳ
ከፊቲያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናትዎ ዬቭሌ ከተማ ብቻቸውን እንደሚኖሩና በየገናው እንደሚደውሉላቸው ለተማሪዎችዎ መናገርዎን ሰምተን ባለፈው እሑድ ጸልየንላቸዋል። እዚያ ያሉ እኅቶቻችንም ተራ ገብተው ሊጠይቋቸው ፈቃደኞች ሆነዋል። የሕንፃውን የመግቢያ ኮድ ብቻ ይላኩልን፤ የሚያውቁት ከሆነ።