ይህ አቤቱታ ወደ ታች እንዳይመራ

ለጠቅላይ አስተዳዳሪው ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ ሐምሌ 9

ጉዳዩ፦ ወንድሜ ያለበት እንዲገለጽልኝ፣ ይህም አቤቱታ ወደ ከተማችን አስተዳደር እንዳይመራብኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ በእንጨት ሠሪዎች መንገድ ሶፋ በመስፋት የምተዳደር ሴት ነኝ። ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው። ሰፈሩ «ውሃልክ» ይለዋል፤ በእንግድነት ገብቶ እንኳ የዘመመ በር ሳያቃና አይቀመጥም።

2. የከተማችን አስተዳዳሪ እንጨት የማስገባት ፈቃድ ለባለቤታቸው ወንድም ብቻ እንዲሆን አድርገዋል። ሌላው አንድ ሳንቃ ቢያመጣ ኬላ ላይ ይወረስበታል። ምክር ቤቱም አጨብጭቦ አጽድቆታል፤ ግማሹ ዘመዳቸው፣ ግማሹ ፈሪ ነው። «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» ይባል ነበር፤ የእኛስ በአማች መጣ። ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ ግን የፈለገ ሁሉ ያስገባል። እንጨቱ ያው፣ ሰዉም የእኛው የአጎትና የአክስት ልጅ ነው። እነሱ ፎቅ ይሠራሉ፤ እኛ መጋዛችንን እየሸጥን እንበላለን። ዛሬ በመንገዳችን ሥራ ያልጠፋው የሬሳ ሣጥን ለሚሠራው ብቻ ነው።

3. ወንድሜ ይህንኑ ጽፎ ለክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት አስገባ። ጽሕፈት ቤቱም እንደ አሠራሩ «ለሚመለከተው ይመራ» ብሎ ለዚያው ለተከሰሱት አስተዳዳሪ ላከላቸው።

4. እሳቸውም አስጠሩት። ማታ እንደነገረኝ፣ እሱ ራሱ በሠራላቸው ጠረጴዛ ማዶ ሆነው አቤቱታውን ከዳር እስከ ዳር አነበቡለት። አልተቆጡም፤ ሻይ ጋበዙት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እህትህ ታውቃለች?» ዋሽቶ የማያውቀው ወንድሜ፣ እኔ እያወቅሁ፣ «አታውቅም» አለ።

በሳምንቱ የጠረጴዛው እግር ላልቷል፣ መጥተህ ጠግን ተባለ። የእሱ ጠረጴዛ እንደማይላላ ከተማው ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ሄደ። አልተመለሰም። ፖሊስ ጣቢያ ብጠይቅ ማዶ ተሻግሮ ይሆናል አሉኝ።

5. ትናንት የአስተዳዳሪው ሾፌር ሣጥኑን ደጃፌ ላይ አስቀመጠው። ውሃልኩ ውስጡ አለ፤ ወንድሜ ያለ እሱ የትም አይሄድም። ሾፌሩም «የቢሯቸው ሶፋ ተቀዷል፤ ነገ ነይ ብለዋል» አለኝ። ያንን ሶፋ በቅርቡ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ጨርቁ ገና አዲስ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ወረቀት እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይቅርልኝ። ዛሬ መሄዴ አይቀርም፤ ወንድሜን የምጠይቅበት ሌላ በር የለኝም። መልስዎ ሲመጣ ቤቴ ዝግ ከሆነ፣ የት እንደገባሁ አሁን ያውቃሉ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

የውሃልክ እህት፣ ሶፋ ሰፊዋ
(ፊርማ)